ቼን ጆንግና የተሻረው ፍርድ

የስፖርት ታሪክ እንደ ነገሥታትና እንደ ጦርነት ታሪክ በጥንቃቄ ሊመረመር አይገባውም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ አሳብ አልስማማም። ሰው ከሰው ጋራ ሕግ አበጅቶ ሲጋጠም፤ በመካከላቸው ዳኛ ሲቆም፤ የተረታው ወገን ፍርዱን ተቀብሎ ሲወጣ ወይም አቤት ሲል፤ በችሎት የሚታየው ነገር ሁሉ በጨዋታውም ሜዳ ይታያል። የሚለየው፤ በሜዳው ላይ ክርክሩ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ መሆኑና ፍርዱን በዓይኑ የሚያየው ሕዝብ እጅግ የበዛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቻይናዊቱ የቴኳንዶ ባለድል ቼን ጆንግ የሠራችውንና የደረሰባትን ለመጻፍ አሰብሁ። ዘመኑ የተቈጠረው፤ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቴኳንዶ የኮርያ ሕዝብ ጥበብ ነው። ዛሬ የሚጠራበት ስም የወጣለት በ1955 ሲሆን፤ በእግርና በእጅ የመምታት መንገድ ማለት ነው። የዓለም የቴኳንዶ ፌዴሬሽን በ1973 በሴኡል ተመሠረተ። በ1988 በሴኡል፤ በ1992 በባርሴሎና በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ለትርኢት ያህል ቀርቦ ነበር፤ በ1994 ግን ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በፓሪስ ባደረገው ጉባኤ፤ ከሲድኒው የ2000 ጨዋታ አንሥቶ ሙሉ ሜዳልያ የሚሸለምበት ውድድር እንዲሆን ወሰነ።

ቻይና በዚያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበረች። ጨዋታውን በዓለም ያሠራጨችው ደቡብ ኮርያ ስትሆን፤ ቻይና ከዚች አገር ጋራ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረተችው በ1992 ነው። የቻይና የቴኳንዶ ማኅበር የተቋቋመውና የዓለሙ ፌዴሬሽን አባል የሆነው ደግሞ በ1995 ነው። ለብዙ ዘመናት የቈየ የራስዋ የፍልሚያ ጥበብ ያላት አገር፤ የጎረቤትዋን ጥበብ ለመማር እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ከፊደል ጀመረች ማለት ነው። የቻይናን የስፖርት ሹማምንት የማመሰግንበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የእኛ ይበልጣል ብለው አልተቀመጡም።

ቼን ጆንግ የተወለደችው ኖቬምበር 22 ቀን 1982 በሄናን ክፍለ አገር በጅያውዙዎ ከተማ ነው። በቻይና ሥርዓት የቤተ ሰብ ስም ስለሚቀድም ቼን የቤተ ሰብዋ፤ ጆንግ የራስዋ ስም ነው። ጅያውዙዎ በድንጋይ ከሰል ማዕድን የታወቀች ከተማ ናት። ሄናን የሻውሊን ገዳም የሚገኝበት ክፍለ አገር ስለ ሆነ፤ የቻይና ፊልም የሚያዘወትር አንባቢ ይህች ልጅ ከመነኮሳቱ ጥበብ ተምራ የወጣች ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ልጅቱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። በቁመትዋ ርዝመት ተመርጣ ወደ ቴኳንዶ የተዛወረችው አገርዋ ይህን ጨዋታ ገና በምትጀምርበት ወራት ነው። በቤይጂንግ የአካል ማሠልጠኛ ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝ ቼን ሊረን እጅ ሠለጠነች። የአሠልጣኙና የልጅቱ የቤተ ሰብ ስም አንድ መሆኑ አንባቢን እንዳያሳስት፤ ቼን የሚለው ስም በቻይና እጅግ የበዛ ነው።

የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለምን እንደ ተፈለገች ለመረዳት የጨዋታውን ሕግ ጥቂት ማወቅ ያሻል። በቴኳንዶ ውድድር ከወገብ በታች መምታት ክልክል ነው። በጡጫ ደረትን እንጂ ፊትን መምታት አይፈቀድም፤ ራስ የሚመታው በእግር ብቻ ነው። እንግዲህ ድሉ የእግር ነው፤ እግርዋ የረዘመ ተወዳዳሪ ተጋጣሚዋ ሳትደርስባት ቀድማ ትደርስባታለች። ረጅም ሰው እግሩን ከራስ በላይ አንሥቶ እንደ መጥረቢያ ከላይ ወደ ታች ሲያወርድ፤ አጭሩ መከላከል ብቻ ሳይሆን መቅረብም ይቸግረዋል። በኳሱ ጨዋታ የተገኘው ዝላይና የእግር ፍጥነት ሲጨመርበት፤ በከባድ ክብደት የሚወዳደሩትን ሴቶች የሚያስጨንቅ ተጋጣሚ ይገኛል። ቻይናውያን ይህን አስቀድመው የተገነዘቡ ይመስለኛል።

በሲድኒ ጨዋታ የቴኳንዶ ሜዳልያ የሚገኘው ለወንዶች በአራት፤ ለሴቶችም በአራት የክብደት ክፍል ነበር። አንድ አገር ከሁለት ወንዶችና ከሁለት ሴቶች በላይ ማሰለፍ አይችልም ነበር፤ ይህም ኮርያ ሁሉንም ጠቅልላ እንዳትወስድ ለመከልከል ጠቅሟል። ኮርያ በዚያ ጨዋታ ከስምንቱ ወርቅ ሦስቱን ወሰደች። ከ67 ኪሎ በላይ በሚመዝኑት ሴቶች ክፍል ግን ተወዳዳሪ አላሰለፈችም ነበር። ቼን ጆንግ የተሰለፈችው በዚህ ክፍል ነው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2000፤ ዐሥራ ስምንተኛ ዓመትዋን ሳትሞላ፤ የሩስያዋን ናታልያ ኢቫኖቫን በመጨረሻው ግጥሚያ 8 ለ 3 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ቻይና በኦሊምፒክ ቴኳንዶ ያገኘችው የመጀመሪያው ወርቅ ይህ ነው፤ ማኅበሩ ከተቋቋመ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ኮርያ በዚያ ክፍል ባለመኖርዋ ድሉን የሚያሳንሱ ቢኖሩ፤ በጨዋታ ያልቀረበ ሰው አሸናፊ ተብሎ አያውቅም ማለት ይበቃል።

አራት ዓመት ቈይቶ በአቴና የሆነው ደግሞ የዚህን ዓይነቱን ወሬ ሁሉ ዝም አሰኘው። ቼን ጆንግ ኦገስት 29 ቀን 2004 የፈረንሳይዋን ሚርያም ባቬረልን 12 ለ 5 ረትታ ሁለተኛውን ወርቅ አገኘች። በዋዜማው የአገርዋ ልጅ ልዎ ዌይ በ67 ኪሎ ክፍል ወርቅ ወስዳ ስለ ነበር፤ ቻይና በሁለት ቀን ሁለት የቴኳንዶ ወርቅ አስመዘገበች። በ2007 የዓለም ሻምፒዮና በቤይጂንግ ሲደረግም ቼን ጆንግ በከባዱ ክብደት የዓለም ባለድል ሆነች። በሃያ አራት ዓመትዋ በጨዋታው ዓለም የሚፈለገውን ከፍተኛ ክብር ሁሉ ይዛለች ማለት ነው። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በተከታታይ ሦስት ኦሊምፒክ ወርቅ ማግኘት። ይህንንም እስከዚያ ጊዜ በቴኳንዶ ያደረገው ሰው አልነበረም። የሚቀጥለው ኦሊምፒክ የሚደረገው ደግሞ በገዛ አገርዋ ዋና ከተማ ነው።

በ2008 ወደ ቤይጂንግ ሲመጡ ሁለት ሁለት የቴኳንዶ ወርቅ የያዙት ሰዎች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ ቼን ጆንግ፤ ሁለተኛው አሜሪካዊው ስቲቨን ሎፔዝ። የሎፔዝ ተራ በአንድ ቀን ቀደመ። ኦገስት 22 ቀን ከጣልያኑ ማውሮ ሳርሚየንቶ ጋራ ሲጋጠም ከወገብ በታች መታህ ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት፤ በመጨረሻም ተሸነፈ። አሜሪካውያን አቤቱታ አቀረቡ፤ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሎፔዝም በነሐስ ተመለሰ። በማግሥቱ የሚሆነውን ለመመዘን ይህን በልብ መያዝ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቤት ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ይመለሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አልነበረም።

ኦገስት 23 ቀን 2008፤ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.፤ አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበልንበት ዓመት መጨረሻ፤ ኢትዮጵያውያን ዓይናችን የነበረው በሌላ ሜዳ ላይ ነበር። በዚያ ምሽት ቀነኒሳ በቀለ በዚያችው ከተማ የአምስት ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፏል፤ ስለዚህም በቴኳንዶው አዳራሽ የተደረገው ለብዙዎቻችን ሳይሰማ አለፈ።

ቼን ጆንግ በሩብ ፍጻሜ የገጠመቻት የእንግሊዟ ሣራ ስቲቨንሰን ናት። ስቲቨንሰን የማትታወቅ ተጋጣሚ አልነበረችም፤ በ2001 የዓለም ባለድል የነበረች ናት። ግጥሚያው ጥንቃቄ የበዛበትና ነጥብ የጠፋበት ሆኖ ቼን ጆንግ 1 ለ 0 ስትመራ ቈየች። በዚያን ዘመን ነጥብ የሚመዘገበው በሜዳው ጥግ የተቀመጡት ዳኞች የእጃቸውን ቍልፍ ሲጫኑ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢጫን አይቈጠርም፤ የሌሎቹም ጣት በዚያው ቅጽበት መጫን አለበት። ደረት የመታ አንድ፤ ራስ የመታ ሁለት ነጥብ ያገኛል። ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ስቲቨንሰን እግርዋን ወርውራ የቼን ጆንግን ፊት መታች። ተመልካቹ አየ፤ የቴሌቪዥኑም መሣሪያ አየ፤ የዳኞቹ ጣት ግን አልተጫነም። ደወሉ ተደወለ፤ የቼን ጆንግም እጅ ተነሣ። አዳራሹ በደስታ ተናወጠ።

እንግሊዞች አቤት አሉ። የግጥሚያው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርቦ ተመረመረና ርግጫው ፊት ላይ ማረፉ ታወቀ፤ ሁለት ነጥብ ለስቲቨንሰን ተሰጥቶ ውጤቱ 2 ለ 1 ሆነ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አሸናፊ ተብላ እጅዋ የተነሣው ቼን ጆንግ ተሸናፊ ተባለች። በኦሊምፒክ የቴኳንዶ ግጥሚያ የተሰጠ ፍርድ ሲሻር ይህ የመጀመሪያው ነው።

የእኛ አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። የቼን ጆንግ ነገር ይህን አባባል የሚያውክ ነው፤ ምክንያቱም በቅሎዋ የሄደችው በፍርድ ነው ለማለትም ያለ ፍርድ ነው ለማለትም ይቻላል። ሐቁን ብቻ ብናይ ሁለቱ ነጥብ የስቲቨንሰን ነበሩ፤ ስለዚህ ክርክር የለም። እንዲያውም በባለቤቱ አገር፤ በባለቤቱ ሕዝብ ፊት፤ በባለቤቱ ጀግና ላይ የተሰጠን ፍርድ ለማረም የደፈሩትን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ብንመረምር ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ነጥቡ በጊዜው በሰሌዳው ላይ ቢጻፍ ኖሮ ቼን ጆንግ መበለጥዋን ዐውቃ በቀረው ቅጽበት ለማጥቃት በተነሣች ነበር፤ እርስዋ ግን የምትመራ መስሎአት የያዘችውን ስትጠብቅ ጊዜዋ አለቀ። ሥዕሉ የተመታችውን ርግጫ ሊመልስ ችሏል፤ ያላለፈባትን ሰከንድ ግን ሊመልስላት አልቻለም። ደግሞ በሎፔዝ አቤቱታና በእንግሊዞቹ አቤቱታ መካከል ያለውን ልዩነት ለሕዝቡ በግልጽ የሚያስረዳ የተጻፈ ሕግ ቢኖር ኖሮ ጥርጣሬው ሁሉ ባልተነሣ ነበር። እንግዲህ ፍርዱ እውነተኛ፤ የፍርዱ መንገድ ግን የተሰበረ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሁለቱን አቀላቅሎ ቼን ጆንግን ተዘረፈች ማለትም፤ ምንም አልተበደለችም ማለትም ልክ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ የባሰ የሚያሳዝን ነው። ስቲቨንሰን በግማሽ ፍጻሜ ከሜክሲኮዋ ማሪያ ኤስፒኖዛ ጋራ ስትሰለፍ የአዳራሹ ሕዝብ በነቀፋ ጩኸት ተቀበላት። ኤስፒኖዛ ነጥብ ባገባች ቍጥር ደግሞ ይደሰት ነበር። ሕዝቡ ያላስተዋለው ነገር ግን ነበር። በጊዜው በነበረው ደንብ በቴኳንዶ ተሸንፎ የወጣ ሰው ለነሐስ ሜዳልያ ዳግመኛ የመወዳደር ዕድል የሚያገኘው ያሸነፈው ሰው ለመጨረሻው ግጥሚያ ከደረሰ ብቻ ነው። ስለዚህ ስቲቨንሰን ኤስፒኖዛን ብታሸንፍ ኖሮ ቼን ጆንግ ወደ ሜዳው ትመለስ ነበር፤ ምናልባትም በሦስተኛው ኦሊምፒክ ነሐስ ታገኝ ነበር። ለቼን ጆንግ የተቈጣው ሕዝብ እየጮኸ የደገፈው የቼን ጆንግን የመጨረሻ በር የምትዘጋውን ሴት ነበር። ስቲቨንሰን ተሸነፈች፤ በሩም ተዘጋ። ኤስፒኖዛ የኖርዌይዋን ኒና ሶልሄይምን አሸንፋ ወርቁን ወሰደች፤ ስቲቨንሰንም የግብጿን ኖሃ ዐብድ ረቦን ረትታ ነሐሱን አገኘች።

የዚያን ዕለት መከራ በዚህ አላበቃም። በሲድኒ ወርቅ ያገኘው ኩባዊው አንጌል ማቶስ ለነሐስ ሲጋጠም ተጐድቶ ተቀመጠ፤ ለሕክምና የተፈቀደው አንድ ደቂቃ አለፈበትና ተሸንፈሃል ተባለ፤ እርሱም ተነሥቶ ዳኛውን በእግሩ ፊቱን መታው። ከነአሠልጣኙ ለዕድሜ ልክ ከውድድር ታገደ። በአንድ አዳራሽ፤ በአንድ ቀን፤ የሲድኒ ሁለት ባለወርቆች ፍርድ ተሰጠባቸው። አንዱ እግሩን በዳኛው ላይ አነሣ፤ አንዲቱ ሦስተኛ ወርቅዋን አጥታ፤ በሕዝብዋ መካከል፤ ከሜዳው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ቼን ጆንግ በኦሊምፒክ አልተወዳደረችም።

የፌዴሬሽኑ ሹማምንት የተገለጠባቸውን ጉድለት ሳይደብቁ ወደ ሥራ ገቡ። በ2009 በኮፐንሃገን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ምቱን ራሱ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያ ገባ፤ አሠልጣኙም በዳኞች ውሳኔ ላይ ጥርጥር ሲያድርበት ካርድ አንሥቶ በዚያው ቅጽበት ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ እንዲታይለት የሚጠይቅበት ሥርዓት ተደነገገ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ይህ ሥርዓት ሠራ፤ በ2016 በሪዮ ደግሞ የራስ መከላከያውም ኤሌክትሮኒክ ሆነ። በዚህ ሥርዓት የቼን ጆንግና የስቲቨንሰን ክርክር በአንድ ደቂቃ ውስጥ፤ ሰዓቱ ቆሞ፤ ሰከንዱ ሳይጠፋ በተፈታ ነበር። እርግጥ ነው፤ መሣሪያው የራሱን ችግር አመጣ። ተወዳዳሪዎች የሚያምረውን ርግጫ ትተው የፊት እግራቸውን አንሥተው መሣሪያውን መነካካት ጀመሩ፤ በእግር የሚደረግ የሻሞላ ጨዋታ ሆነ እያሉ የሚተቹም በዙ። መሣሪያ የተነካውን ያውቃል እንጂ የተመታውን አያውቅም፤ ይህ ክርክር እስካሁን አላለቀም።

በለንደን የመክፈቻ በዓል ላይ በተወዳዳሪዎች ሁሉ ስም ቆማ ሕጉን እናከብራለን ብላ የማለችው ሣራ ስቲቨንሰን መሆንዋን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በቻይና በኩል ደግሞ የቼን ጆንግ ሥራ ያለ ወራሽ አልቀረም። ቀላሉን ክብደት የያዘችው ዉ ጂንግዩ በቤይጂንግና በለንደን ሁለት ወርቅ አግኝታ ከቼን ጆንግ ጋራ እኩል ሆነች። በቼን ጆንግ ክፍል፤ ከ67 ኪሎ በላይ፤ ወርቁ ወደ ቻይና የተመለሰው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ2016 ነው። በሪዮ ጄንግ ሹዪን ያሸነፈቻት ያችኑ የሜክሲኮዋን ማሪያ ኤስፒኖዛን ነበረች፤ ውጤቱም 5 ለ 1 ነው።

ጄንግ ሹዪን ደግሞ ተራዋ ደረሰ። በ2019 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ የገጠመቻት እንግሊዛዊቱ ቢያንካ ዎክደን ናት። ጄንግ በነጥብ ርቃ ትመራ ነበር። ይሁን እንጂ ከሜዳው ክልል መውጣት ቅጣት ነው፤ በጊዜው በነበረው ደንብ ዐሥር ቅጣት የሞላበትም ተወዳዳሪ ከውድድር ይሰረዝ ነበር። ዎክደን ይህን ዐውቃ ተጋጣሚዋን ደጋግማ እየገፋች ከመስመሩ አስወጣቻት፤ ቅጣቱ ዐሥር ሞላና ድሉ ለዎክደን ሆነ። በዚህ ጊዜ ዳኞቹ የተጻፈውን ሕግ ቃል በቃል ፈጽመዋል፤ መሣሪያውም አልተሳሳተም፤ የሚሻርም ፍርድ አልነበረም። አዳራሹ ግን በነቀፋ ጩኸት ተሞላ፤ ጄንግም የብር ሜዳልያዋን ልትቀበል በቆመችበት የሽልማት መድረክ ላይ እያለቀሰች ተደፋች።